የተቃጠሉት አሥራ አራት ዴስኮች

ውድ ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት የእርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ያንን አንድ እግሩ ያጠረውን፣ እርስዎ ካርቶን አጥፈው ከሥሩ ያስገቡለትን ወንበር ማለቴ ነው። ካርቶኑ አሁንም አለ። እንዴት እዚህ ልቀመጥ እንደቻልኩ ቀስ ብዬ እነግርዎታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ሆዴ ውስጥ የቆየውን ነገር ላውጣው። እስከ መጨረሻው ሳያነቡ እንዳይቀዱት ልለምንዎት አስቤ ነበር፤ ኋላ ግን በራሴ ሳቅኩ። የሃያ ዓመት የጠመኔ ደረሰኝ በቅደም ተከተል ያስቀመጠ ሰው የእኔን ደብዳቤ አይቀድም። ቢበዛ ቁጥር ሰጥተው ፋይል ያደርጉታል።

ወደዚህ ትምህርት ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ ስመጣ የማላውቀው ነገር የለም ብዬ ነበር የማስበው። በጀታችን በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ በአራት ክፍያ እንደሚላክ፣ የአንዱ ሩብ ዓመት ሪፖርት ካልደረሰ የሚቀጥለው ገንዘብ እንደማይለቀቅ፣ ለመጽሐፍ የመጣው ለጣሪያ እንደማይውል፣ ይህን ሁሉ ተምሬዋለሁ። ያ ገንዘብ ጠመኔና መጥረጊያ፣ የበር እጀታና የመጸዳጃ ቤት ቧንቧ ሆኖ የት እንደሚቀመጥ ያሳዩኝ ግን ንብረት ጠባቂያችን፣ እርስዎ ነዎት።

የመጀመሪያውን የዓመት መጨረሻ ቆጠራ አልረሳውም። የግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆሜ በጣቴ እየጠቆምኩ ወንበሮቹን ቆጠርኩና "አርባ ሁለት" ብዬ ጻፍኩ። እርስዎ መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው አዩኝና "ነካሻቸው?" አሉኝ። አልነካኋቸውም። ገብቼ አንድ በአንድ እየነካሁ ስቆጥር አርባ ሆኑ፤ ሁለቱ ግድግዳ ላይ የተደገፉ መደገፊያዎች ብቻ ነበሩ፤ መቀመጫም እግርም የላቸውም። "ያልነካሽውን አትቁጠሪ" አሉኝና ጥለውኝ ሄዱ። ያን ቀን በጣም ተናድጄብዎት ነበር። ዲግሪ ያለኝን ሰው እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቆጠሩኝ ብዬ ነበር።

ልጆቹ "ጋሽ ቁልፉ" ይሉዎት ነበር፤ መምጣትዎን የሚያውቁት ወገብዎ ላይ በሚንሿሿው የቁልፍ እስር ነበርና። ለእኔ ደግሞ እርስዎ ስም አወጡልኝ። ፊርማዬ ረጅም ጅራት ነበረው፤ ከእኔ ቀጥሎ የሚፈርመውን ሰው ቦታ ሁሉ ይሻማል። የደመወዝ ሰነዱን አንስተው አዩና "ወይዘሪት ፊርማ፣ ይሄ ጅራት ኪራይ አይከፍልም እንዴ?" አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ እሱ ሆነ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ ቀልድ የማያውቅ ሰው ስለነበር፣ የሚያሾፍብኝ ትልቅ ሰው ማግኘቴ ብርቅ ሆኖብኝ ነበር፤ ይህን ግን አንድም ቀን ነግሬዎት አላውቅም።

እንግዲህ ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ከቢሮው እስከ ግምጃ ቤቱ ያለው ግቢ በሙሉ ጭቃ ሆኗል። እኔ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት እስከ ስድስት ሰዓት ካላደረስኩ ክፍያው ይዘገያል ብዬ ጭንቅ ላይ ነኝ። ዳይሬክተራችን አንድ ቃለ ጉባኤ ይዘው ገቡ። ለአዲስ ዴስክ መግዣ ገንዘብ የሚፈቀደው አሮጌ ዴስክ ላስወገደ ትምህርት ቤት ብቻ ነው የሚል መመሪያ ወጥቶ ነበርና፣ የተሰባበሩት አሥራ አራት ዴስኮች አገልግሎት መስጠት ስለማይችሉ ተቃጥለው እንዲወገዱ ተወስኗል ይላል። የአስወጋጅ ኮሚቴው አባላት ሦስት ነን፤ እሳቸው ሰብሳቢ፣ እኔ ጸሐፊ፣ የሳይንስ መምህሩ አባል። የሳይንስ መምህሩ ክፍል ሊገባ ሲል ወረቀቱን ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ፈርሟል።

እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ከጃኬትዎ ውሃ ይንጠባጠባል።

"ኧረ ኑና እዩአቸው" አሉ። "አብዛኞቹ የጎደላቸው ጥቂት ምስማርና አንዳንድ ጣውላ ነው።"

እኔ ከወረቀቴ ቀና እንኳ ሳልል "እኛ እርስዎን እናምናለን፣ ጋሼ" አልኩ።

"እኔን ካመናችሁማ፣ እኔ የምለው ይሠራሉ ነው።"

ዳይሬክተሩና እኔ ሳቅን። እርስዎም ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ከዚያ ያንን ረጅም ፊርማዬን አሳረፍኩበት። ቃለ ጉባኤው "ኮሚቴው በአካል ተገኝቶ ንብረቱን ከተመለከተ በኋላ" ይላል። ራሴ ነበርኩ የተየብኩት። ሁልጊዜ የምንጽፈው ነገር ስለሆነ ዓይኔ አልፎት ሄደ። ግምጃ ቤቱ ከእኔ ቢሮ ስልሳ እርምጃ ነው፤ አሁን በየቀኑ ስለምሄደው ቆጥሬዋለሁ።

በእረፍቱ ሁለት ወር፣ ትምህርት ቤቱ ጭር ሲል፣ የዓመቱን ሒሳብ ለመዝጋት እመጣ ነበር። በቢሮዬ መስኮት የመዶሻ ድምፅ ይሰማኛል። አንድ ቀን የጣውላ ክምር በጋሪ ሲገባ አየሁ፤ ለባለጋሪው ከራስዎ ኪስ ሲከፍሉም አየሁ። ምን እየሠሩ እንደሆነ ገብቶኛል። ዴስኮቹን አላቃጠሏቸውም። ነገር ግን መጥቼ ብጠይቅዎ ማወቄ ነው፣ ካወቅኩ ደግሞ መጻፍ አለብኝ፤ ስለዚህ መስኮቱን ዘግቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሲያልፉ ሰላም አልኩዎት፤ ፀጉርዎ ላይ የእንጨት ብናኝ ነበር።

ትምህርት ሲከፈት አራተኛ ክፍል በአንድ ዴስክ አራት ሆነው ይጨናነቁ የነበሩት ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው ተቀመጡ። የገዛናቸው አዲሶቹ አሥራ አራት ሦስተኛ ክፍል ገቡ፤ የተጠገኑት አሥራ አራት አራተኛ ክፍል። መምህራኑ ተደሰቱ፣ ዳይሬክተሩ ከየት መጣ ብለው አልጠየቁም፤ እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሁላችንም ያለ ጥያቄ ተመቸን።

ቁጥሩን ባይጽፉባቸው ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር እኮ። ይሄን ስንት ቀን አሰብኩት መሰለዎት። ያለ ቁጥር ቢያስገቧቸው ከወላጅ በእርዳታ መጣ ተብሎ ይታለፋል። እርስዎ ግን ቁጥር የሌለው ዕቃ የመንግሥት ዕቃ ሊሆን እንዴት ይችላል ብለው፣ ለእያንዳንዱ የራሱን አሮጌ ቁጥር በነጭ ቀለም መልሰው ጻፉበት። 212ን 212 አደረጉት። ወረቀቱ ተቃጠለ የሚለውን ዴስክ፣ ቁጥሩን እንደያዘ ክፍል ውስጥ አስቀመጡት። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራ ሰው ካለ ንብረት ጠባቂ ብቻ ነው።

ኦዲተሯ የመጣች ዕለት ከእሷ ጋር ክፍል ለክፍል የዞርኩት እኔ ነኝ። እስክሪብቶዋን በክር አንገቷ ላይ ያሠረች፣ ብዙ የማታወራ ሴት ናት። አራተኛ ክፍል ገባችና ጎንበስ ብላ የዴስኮቹን ጎን እያየች ዝርዝሯ ላይ ምልክት ማድረግ ጀመረች። ከዚያ ቆመች። ገጹን ወደ ኋላ ገለጠች፤ እንደገና ጎንበስ አለች። "እነዚህ ተወግደዋል ነው እኮ የሚለው" አለችኝ። ልጆቹ ሁሉ ያዩናል።

የጽሑፍ መልስ በአሥር ቀን ውስጥ ካልሰጠን የሦስተኛው ሩብ ዓመት ገንዘብ እንደማይለቀቅ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ነገሩ ቀላል እንዳልነበር ያውቁታል። ትምህርት ቤቱ አሮጌውን አቃጠልኩ ብሎ በውሸት አዲስ መግዣ ገንዘብ ወስዷል የሚያሰኝ ነበር። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ይጠብቃል፤ ልጃገረዶቹ በእረፍት ሰዓት አጥር ዘለው ጎረቤት ቤት ይሄዳሉ። የጣሪያው ገንዘብ ያለው በዚያ ክፍያ ውስጥ ነው። ዳይሬክተራችንን ክፉ ሰው አድርጌ ልጽፍልዎት አልፈልግም። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥተው ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

እርስዎንና እኔን ቢሮ ጠርተው ሦስታችን ስንቀመጥ፣ ኮሚቴው በአግባቡ ወስኗል፣ ውሳኔው ግን አልተፈጸመም ብለን እንጻፍ አሉ። ይህም ሐሰት አይደለም አሉ፤ እውነትም ቃል በቃል ሐሰት አልነበረም። እርስዎ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ አይተሻቸዋል?" አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ። እርስዎ ደግመው አልጠየቁኝም። በማግስቱ መልሱን ጻፍኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ እስከ ዛሬ በቃሌ አውቃታለሁ። "ንብረት ጠባቂው እንዲወገድ የተወሰነን ንብረት ያለ ፈቃድ በእጁ አስቀርቷል።" ለራሴ የሰጠሁት ምክንያትም ነበረኝ። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ቀርቷቸዋል፣ ማስጠንቀቂያ ቢጻፍባቸው ምን ይጎዳቸዋል፣ እዚህ ስምንት መቶ ልጅ አለ ብዬ ነበር። ገንዘቡ ተለቀቀ። ጣሪያውም ተመታ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ደመደምኩ።

ያላወቅኩት ክሊራንሱን ነው። ወይም ላውቀው አልፈለግኩም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ይሄን አላውቅም ብል ማን ያምነኛል? ጡረታዎ እንዲጀመር አሥራ አንድ ፊርማ ያለበት፣ ዕዳ የለብዎትም የሚል ቅጽ ያስፈልጋል። ቤተ መጻሕፍቱ ፈረመ፣ ቤተ ሙከራው ፈረመ፣ እኔ በሒሳብ በኩል ፈረምኩ። ንብረት አስተዳደር ላይ ሲደርስ "ያልተዘጋ የኦዲት ግኝት አለበት" ተብሎ ተመለሰ። የመጨረሻ ቀንዎ ዕለት ቢሮዬ ገብተው የቁልፉን እስር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ሃያ ሦስት ናቸው" አሉኝ። "ነክተሽ ቁጠሪያቸው።"

ቆጠርኳቸው፤ ሃያ ሦስት ነበሩ። ቀና ስል እርስዎ ወጥተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የእርምጃዎን ድምፅ ያለ ቁልፍ ሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቤትዎ በር ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። አንደኛው ቀን ከውስጥ መጋዝ ሲስብ ሰማሁ፤ እጄን ላንኳኳ አንስቼ መልሼ አወረድኩት። በስድስተኛው ወር ባለቤትዎን፣ እትዬን፣ ፋርማሲ ወረፋ ላይ አገኘኋቸው። ልደበቅ ስል እሳቸው ቀድመው አዩኝና ግንባሬን ሳሙኝ። እርስዎ እንዴት እንደሆኑ ስጠይቃቸው ሳቁ። "ደህና ነው፣ ብቻ ቤቱን ግምጃ ቤት አድርጎብኛል" አሉ። የቤቱ ወንበሮች ሁሉ ከሥራቸው ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ ጎረቤት ድስት ሲዋስ ይመዘገባል። ከዚያ ወረፋቸው ደረሰ። የደም ግፊት መድኃኒትዎን የአንድ ወር ሳይሆን የአሥር ቀን ብቻ ቁረጡልኝ ሲሉ ሰማሁ። ጡረታው እስኪመጣ ነው አሉኝ፤ በእኔ እንደሆነ አልነገሯቸውም መሰለኝ። ነግረዋቸው ከሆነና ግንባሬን የሳሙኝም ይህን እያወቁ ከሆነ ግን ከእሳቸው ጋር የምነጋገረው ሌላ ጉዳይ አለኝ ማለት ነው።

ያን ጊዜ እንኳ አልተነሳሁም። ይሄን ነው ልደብቅዎት የማልፈልገው። ያነሳችኝ ሌላ ሰው ናት።

በየስድስት ወሩ ገቢና ወጪያችንን ለወላጆች ማንበብና ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ግዴታችን አይደል? እኔ ሳነብ ወላጆቹ በስድስተኛ ክፍል ዴስኮች ላይ ጉልበታቸው እየተጋጨ ይቀመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ዩኒፎርም ነው። በዚያን ዕለት ግን አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ የመጣች እናት፣ ከሰሌዳው ላይ እስካሁን ያልታረመውን የተወገዱ ንብረቶች ዝርዝር ስታነብ ቆይታ እጇን አወጣች።

"አንድ ነገር አልገባኝም" አለች። "አሥራ አራት ዴስክ ተቃጠለ ይላል፣ ቁጥራቸውም ተዘርዝሯል። የእኔ ልጅ የምትቀመጠው 219 ላይ ነው። ቀሚሷን እየያዘ ስለቀደደባት መጥቼ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለስኩት እኔ ነኝ። መቼ ነው የተቃጠለው?"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ዳይሬክተሩ አዩኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ የቁጥር አጻጻፍ ስህተት ይሆናል ብዬ መለስኩላት።

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። "ጋሽ ቁልፉ ቁጥር አይሳሳቱም" አለች። "እዚሁ ነው የተማርኩት። አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ሳልመልስ ቀርቼ ቤታችን ድረስ መጡ። እናቴ ሻይ ብታቀርብላቸው ሳይቀምሱ መጽሐፉን ይዘው ሄዱ።" ሰው ሁሉ እንደገና ሳቀ፤ ብዙዎቹ ያውቁዎታል፣ ግማሾቹን እርስዎ ራስዎ መጽሐፍ አስመልሰዋቸዋል። ከዚያ "ለመሆኑ የት ሄዱ?" ብላ ጠየቀች።

እኔን ነበር የምታየው። ስህተቱ የእሳቸው ሳይሆን የእኔ ነው፣ አጣርቼ በጽሑፍ እለጥፋለሁ አልኩ። ወላጆቹ ሲወጡ አራተኛ ክፍል ገባሁና አሥራ አራቱን አንድ በአንድ ነካኋቸው። እግር ያልነበረው እግር አግኝቷል፤ የተሰነጠቀው ከሥሩ በቆርቆሮ ታስሯል፤ ምስማሮቹ የልጅ ጉልበት እንዳይቧጭሩ ራሳቸው ጠልቆ ገብቷል። ፈርሜ ያቃጠልኳቸውን ዴስኮች ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ ያየኋቸው ያን ከሰዓት ነው። 219 ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እውነቱን ጽፌ ለኦዲተሯ ራሴ ይዤው ሄድኩ። ኮሚቴው ዴስኮቹን አላየም፤ ቃለ ጉባኤውን ቢሮ ተቀምጠን ነው የፈረምነው፤ ንብረት ጠባቂው ይሠራሉ ብለው በቃል አሳስበውን ነበር፤ መልሱ ላይ ይህን የሸሸግኩት እኔ ነኝ። ኦዲተሯ ቢሮዋ ውስጥ በፋይል ተከባ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ያኔ ቢነግሩኝ በሁለት መስመር ያልቅ ነበር" አለችኝ። "አሁን ሦስት ገጽ ይወጣዋል።"

ጥፋቴን አውቃለሁ አልኳት። እስክሪብቶዋን ከክሩ ላይ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "የሚደብቅ ሰው ቁጥር እንደማይጽፍ እኔም ገብቶኝ ነበር" አለች። "ግን እኔ የማጣራው የጻፋችሁልኝን ነው። ሌላ የጻፈልኝ ሰው አልነበረም።" ይህ እስካሁን ያመኛል።

ሦስቱ ገጽ እንዲህ ሆኖ አለቀ። ለዳይሬክተሩ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ፤ የሳይንስ መምህሩ ከኮሚቴው ተነሳ። ያላግባብ የተገዙት አዲሶቹ ዴስኮች ከወንዙ ማዶ ላለው ትምህርት ቤት ተዛወሩ፤ እዚያ ሁለተኛ ክፍል መሬት ላይ ነበር የሚማረው። የእኛ ሦስተኛ ክፍል ለጊዜው ተጨናንቋል፤ ልጆቹ መምህራቸውን አኮረፉ፤ ማኮረፍ የነበረባቸው ግን እኔን ነበር። ዳይሬክተሩ ሁለት ሳምንት አላናገሩኝም። የጭነት መኪናው ሲመጣ ግን ኮታቸውን አውልቀው የዴስኩን አንድ ጫፍ ያዙና "ያዢ እንጂ" አሉኝ። አሥራ አራቱንም አብረን ጫንን። ስንጨርስ እርስዎ ዘንድ እሄዳለሁ አሉ፤ ከመጡ ይግቡ ይበሏቸው፣ እባክዎ።

ለእኔ የአንድ ወር ደመወዝ ቅጣትና ከሒሳብ ክፍል መነሳት ተወሰነ። የት ልመደብ ይመስልዎታል? ግምጃ ቤት። ሐሳቡን ያቀረበው ሰው ቅጣት መስሎት ነው። ሃያ ሦስቱ ቁልፎች አሁን የእኔ ወገብ ላይ ናቸው፤ ልጆቹም መምጣቴን ከሩቅ ያውቃሉ። የእርስዎን መዝገቦች ሳነብ እውላለሁ። በአንዱ ኅዳግ ላይ በእርሳስ "ለወይዘሪት ፊርማ አንድ ማስመሪያ፣ ጅራቱን ለማሳጠር" ብለው የጻፉትን አገኘሁ። ማስመሪያውም መሳቢያው ውስጥ ነበር። ሳይሰጡኝ ለምን እንደቀሩ ስቆጥር ቀኑ ሦስታችን ዳይሬክተሩ ቢሮ የተቀመጥንበት ሳምንት ሆነብኝ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። ስምዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለወጥኩት። እርስዎ ላይ የጻፍኩት እርስዎን ስለማላውቅ አይደለም፤ አውቅዎት ስለነበር፣ እንደማይከሱኝም ስለማውቅ ነው። ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው። ሊናደዱብኝ ይገባል፣ ሊያስወጡኝም ይችላሉ፤ መልስ ባይጽፉልኝም እረዳለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ክሊራንስዎ አለ። ንብረት አስተዳደር ፈርሟል፤ የታገደው የአሥራ ሦስት ወር ጡረታም አብሮ ይከፈላል፤ ጉዳዩን እስከ ክፍያ ቢሮው መስኮት ድረስ ተከታትየዋለሁ። ጉድለት በሚለው ቦታ "የለም" ይላል። ትርፍ በሚለው ቦታ "በግል ወጪ ተጠግነው ለአገልግሎት የተመለሱ ዴስኮች፣ አሥራ አራት" ይላል። እንዲህ ተብሎ እንዲጻፍ ብቻ አራት ቀን ተከራክሬያለሁ። የመጨረሻው ባዶ መስመር የእርስዎ ፊርማ ነው። እኔን አምነው እንዳይፈርሙ፤ መጥተው ዴስኮቹን ነክተው፣ ቆጥረው ይፈርሙ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ስድስት የተሰበሩ ወንበሮች አሉኝ። መመሪያውን አገላብጬ አየሁት፤ ኮሚቴው የውጭ ባለሙያ መጋበዝ ይችላል ይላል። ክፍያ የለውም፤ ሻይ አለ፣ ይህን ሻይ ደግሞ ሳይቀምሱ አይሄዱም። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን እዚሁ፣ ዕቃው ያለበት። መዶሻዎን ይዘው ይምጡ፤ ግን አንድም ምስማር ከመምታትዎ በፊት ቅጹን እንሞላለን።

የወንበሮቹን ቁጥር ከዚህ በታች ጽፌያለሁ፤ 31፣ 34፣ 40፣ 57፣ 58፣ 63። ስድስቱንም በእጄ ነክቻቸዋለሁ። ሁለቱ አይሠሩም ብዬ አስባለሁ፤ እርስዎ ግን ይሠራሉ ካሉ፣ ይሠራሉ።

አክባሪዎ ልጅዎ፣
ወይዘሪት ፊርማ
(ጅራቱን አሳጥሬዋለሁ)